ዋና በደረቅ መሬት

ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ ወጣቱ የስፖርት አስተማሪያችን ለዞን ውድድር እኔን ጨምሮ ሦስት ሴቶችን ለዋና መረጠ። በከተማው መዋኛ ገንዳ ስላልነበረ፣ ከላማዳሪያ የሚባለውን የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ላይ አሰረልን። አግዳሚ ወንበር ላይ በሆዳችን ተኝተን ላስቲኩን እንስባለን፤ ብርዱ ስለማይቻል የምንዋኘው ሹራብ ደርበን ነበር።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ቄስ ቆመው አዩን።

«ልጆቼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ዋና እየተለማመድን ነው፣ አባ።»

«ውሃውስ?»

«ጎንደር ነው ያለው።»

«በሉ እንግዲህ፣ እዚሁ እንዳትሰጥሙ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

ጎንደር ደርሰን ገንዳው ውስጥ ስገባ ክንዴ እንደ ሞተር ሠራ። መቼ እንደሚተነፈስ ግን አላውቅም ነበር። ጥቂት ቀዝፌ ውሃ ጠጣሁና የመዋኛ መስመሮቹን የሚለየው ገመድ ላይ ተንጠለጠልኩ። ጓደኞቼም ከእኔ የራቀ አልዋኙም።

አፍረን ጥግ ይዘን ሳለ አስተማሪያችን መጣ። ቁጣ ስጠብቅ፣ «የሴቶች ገመድ ጉተታ ቡድናችን ሦስት ሰው ጎድሎታል፤ ተነሱ!» አለን።

ከሰዓት በኋላ የገጠመንን ሁሉ እየጎተትን መስመር አሳለፍን።

ስንመለስ አስተማሪያችን ለርእሰ መምህሩ፣ «ዋናተኞቻችን ዋንጫ ይዘው መጡ» አላቸው። በምን እንዳሸነፍን እሳቸው አልጠየቁም፤ እኛም አልነገርናቸውም።