ለአባቴ ዓይን የገጣጠምኩት ኮምፒውተር

አባቴ አርብ ገበያ በምትባል ከተማ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ ያስተምራሉ። እኛ ልጆቻቸውም ከተማሪዎቹ ሰምተን «የኔታ» እያልናቸው ነው ያደግነው። ቤታችንና የሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ስለሆኑ ዜማው በግድግዳው እያለፈ ማድ ቤት ድረስ ይገባል። ብዙውን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። በየኔታ ፊት ተቀምጬ ግን ተምሬ አላውቅም፤ ያ ቦታ የወንዶቹ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት የየኔታ ዓይን ደከመ። ድጓውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ለማስተማር አልተቸገሩም። የተቸገሩት ለማረም ነው። ተማሪ ድጓውን ሲገለብጥ ከፊደሉ በላይ ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩ ደቃቅ ምልክቶች ያሰፍራል። አንዷ ነጥብ ይዘት ትባላለች፤ ነጥቦቹ ሲደረደሩ ርክርክ ይሆናሉ። አፉ በትክክል እያዜመ እጁ የሚሳሳት ተማሪ አለ። የእሱን ስሕተት ጆሮ አይዘውም።

ድሮ የኔታ እንዲህ ያለውን ሲያገኙ ግቢው በቁጣቸው ይናወጥ ነበር። ለሴሚስተር ዕረፍት ስመጣ ግን የተማሪውን ጽሑፍ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ ወደ ብርሃኑ ዞረው፣ ቆየት ብለው «ደህና ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ለሚቀጥለውም እንዲሁ።

«ለሁሉም እንደዚያ ማለት ከጀመሩ ቆዩ» አለችኝ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትልቁ ተማሪ ጽፎ ጨርሶ የድጓ መምህርነት ወደሚመሰከርበት ወደ ቤተ ልሔም ገዳም ሊሄድ ነው። ስሕተት ይዞ ቢወጣ ነገ እሱም ለሌላው ያስተምረዋል እያሉ እህል አይበሉልኝም።»

ሐኪሙ መነጽር ከዚህ በላይ አይረዳቸውም፣ ፊደሉ ራሱ መግዘፍ አለበት ብሎ ነበር። ስለዚህ ገጹን በስልክ ፎቶ አንስቼ በትልቅ ስክሪን ላይ አጉልቼ ላሳያቸው አሰብኩ። የላፕቶፕ ስክሪን አይበቃም። ታላቅ ወንድሜ ወጪውን እኔ እችላለሁ አለ፤ ዕቃውን መምረጥ ለእኔ ቀረ። የምማረው ኮምፒውተር ስለሆነ ሁሉም አመነኝ። እኔ ግን አንድም ቀን ገጣጥሜ አላውቅም ነበር። ዕቃው የሚገኘው ባሕር ዳር ነው፤ እዚህ ካመጣሁት በኋላ አንዱ ከአንዱ አልገጥም ቢል ዕረፍቴ ያልቃል፣ ተማሪውም ይሄዳል። እዚያ ካለ ባለሱቅ ጋር በስልክ እየተነጋገርኩ መረጥኩ። ከሁሉ ይልቅ የጓጓሁት ለአንድ ፈጣን ፕሮሰሰር ነበር።

ልሄድ ስሰናዳ የኔታ አስጠሩኝ። መደባቸው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ምን ምን ልትገዢ ነው?»

«ጽፌዋለሁ፣ የኔታ።»

«የተጻፈውን እኔ ምን ላደርገው? በቃልሽ በይው። ቁጭ በይ።»

ተማሪ የሚቀመጥበት አጎዛ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚህ በፊት እዚያ ላይ አቧራ ለማራገፍ ካልሆነ እጄን አሳርፌ አላውቅም።

«ማዘርቦርድ አለ፤ ሁሉም የሚሰካበት ሰሌዳ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሰሌዳው መሰኪያ ጋር ይገጥማል። ራሙ ዲዲአር ሁለት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሰሌዳውም የሚቀበለው እሱን ነው። ሃርድ ዲስኩ ከሰሌዳው ጋር በኬብል ይያያዛል። ፓወር ሰፕላዩ ለሁሉም የሚበቃ ኃይል አለው። ኬዙ በሰሌዳው ልክ ነው። ስክሪኑ ትልቅ ነው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ሌላውን ሁሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ ነገርሽኝ» አሉ። «ስክሪኑን ግን ብቻውን አቆምሽው። እሱ ዘመድ የለውም?»

ስክሪኑን ከሰሌዳው ጋር አላመሳከርኩትም ነበር። ወጥቼ ለባለሱቁ ደወልኩ።

«ውይ፣ እውነትሽን ነው እህቴ» አለ። «ቦርዱ ያለው የስክሪን መሰኪያ የድሮው ቪጂኤ ብቻ ነው፤ ያ ስክሪን ደግሞ ኤችዲኤምአይ ካልሆነ አይቀበልም። ሌላ ቦርድ አለኝ፣ ግን ራሙም ዲዲአር ሦስት መሆን አለበት። ያንን የወደድሽውን ፕሮሰሰርም አያስገባውም፤ ዘገምተኛውን ነው የሚወስደው። ለመሆኑ ለምንድነው፣ ለጌም ነው?»

«ድጓ ሊታይበት ነው።»

ሳቀ። «እንግዲያ ፍጥነቱን ተይው። ድጓ መች ይሮጣል!»

ተመልሼ አጎዛው ላይ ቁጭ አልኩ። አሁን የጀመርኩት ከስክሪኑ ነው። ስክሪኑ የሚፈልገውን መሰኪያ፣ ያ መሰኪያ ያለውን ሰሌዳ፣ ሰሌዳው የሚቀበለውን ፕሮሰሰርና ራም፣ አንዱን ከአንዱ እያያዝኩ እስከ ኬዙ ድረስ ዘለቅሁ። የኔታ አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉና ዳበሱኝ።

«ሂጂ፤ በሰላም ያግባሽ።»

ዕቃውን ይዤ መጥቼ ስገጣጥም ተማሪዎቹ ትምህርቱን ትተው ለማየት በሩ ላይ ተደራረቡ። መብራቱን ስሰካ ስክሪኑ በራ። የትልቁን ተማሪ ጽሑፍ በስልኬ አንስቼ አስገባሁና አጎላሁት። አንድ መስመር ብቻ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

የኔታ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን አንስተው፣ መስታወቱን ሳይነኩ፣ መስመሩን ተከተሉ። ዜማው ከአፋቸው በቀስታ ይወጣል።

«ወደፊት ግፊው።»

ገፋሁት። ጥቂት እንደ ሄዱ ዜማው ተቋረጠ።

«ይህች ምንድን ናት?»

ትልቁ ተማሪ አንገቱን አስግጎ አየ። «ይዘት፣ የኔታ።»

«ዜማውን በለው።»

አዜመው።

«አፍህ ርክርክ እያለ እጅህ ይዘት ይጽፋል? ይህን ተሸክመህ ነው ቤተ ልሔም የምትሄድ? እዚያ ሲጠይቁህ እጄን ሰው ተውሶብኝ ነበር ልትላቸው ነው? ፋቀው!»

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከማድ ቤት ሮጣ መጣች። ነገሩ ሲገባት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ትልቁ ተማሪ ጽሑፉን አቅፎ ይስቃል።

«ትስቃለህ ደግሞ?»

«ደስ ብሎኝ ነው፣ የኔታ።»

«ደስ ይበልህና ፋቀው። አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ግፊው እንጂ!»

የሚቀጥለውን መስመር አመጣሁላቸው።