ምዕራፍ ሦስት በአንድ ክፍለ ጊዜ

ዛሬ ጠዋት መምህርት ሰላም የስድስተኛ ክፍል ሒሳብን ምዕራፍ ሦስት ሙሉውን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨረሰችው።

ጀሞ ባለው ትምህርት ቤታችን እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የሚለየን ስስ ቺፑድ ስለሆነ ሌላ ቀን የእሷ ተማሪዎች "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" እያሉ የእኔዎቹን ያስቀኑብኛል። ዛሬ የሰማሁት የጠመኔ ድምፅ ብቻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ፣ በስብሰባ ላይ ነው። አዲሱ ርእሰ መምህራችን የዓመቱን ዕቅድ ዘርግተው፣

"አንቺ ምዕራፍ አራት ላይ መሆን ነበረብሽ" አሏት።

"ልጆቹ ገና ክፍልፋይ አልገባቸውም፣ ጋሼ።"

"ዕቅዱስ?"

"ዕቅዱማ ብቻውን ምዕራፍ አራት ደርሷል።"

የሳቅነው እኛ፣ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእሷ። እንደ አማርኛ መምህርነቴ ልመስክር፤ ደብዳቤው አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት በር ላይ ስጠብቃት አንዲት ተማሪዋ ተከትላት ወጣች።

"ቲቸር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልገባኝም።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰላም እዚያው ቁጢጥ ብላ፣ መሬቱ ላይ በጠመኔ ሥላ ታስረዳት ነበር።

"ገልብጠሻል አይደል?"

"አዎ ቲቸር።"

"በቃ።"

ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ ሄደች። ሰላም ወደ እኔ ዞራ "አየኸኝ?" አለችኝ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ አለቃ ፈርታችሁ ያልገባውን ልጅ "በቃ" ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወደዚያ ልጅ ተመልሳችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ጻፉልኝ። ለሰላም ላነብላት እፈልጋለሁ።