ከሌላ ሰው እጅ

ስሙን የሚጠራው ሰው የለም። በጣውላ መጋዘኑ ግቢ ትልቁም ትንሹም «ዝምታው» ይለዋል፤ የሚያከብረው ደግሞ «ጋሽ ዝምታው»። ሰላም ሲሉት አንገቱን ሰበር አድርጎ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ስብሰባ ላይ «እስቲ አንተም አንድ ነገር በል» ከተባለ ላብ ያጠምቀዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሽቦውን በር ከፍቶ ወደ ውሾቹ ሲገባ ግን ምላሱ ይፈታል። «አንተ ዝርክርክ፣ ውሃውን ደፍተህ ተኛህበት አይደል? አንቺስ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የጣልሽው? ማን ተናገረሽ?» እያለ ወዲያ ወዲህ ይላል። በዚያ የሚያልፉ ጫኝና አውራጆች «ዛሬ ጋሽ ዝምታው እንግዳ መጥቶበታል» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ውሾቹ ሁለት ናቸው። ዳማ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቀልቃላ ናት። ነብሮ ዘጠኝ ሞልቶታል፤ አፉ ዙሪያ ሸብቷል፤ ሲነሣም የኋላ እግሩን ጎተት ያደርጋል። ሁለቱንም ከቡችላነታቸው ጀምሮ ያሳደጋቸውም ያሠለጠናቸውም እሱ ነው።

በግቢው ደንብ የውሻ አሠልጣኝ በየወሩ መጨረሻ ቅጽ ይሞላል። ለሚቀጥለው ወር ለእያንዳንዱ ውሻ ምን ለማስተማር እንዳሰበ ይጽፋል። ይቺ ቅጽ ለዝምታው ከሥራው ሁሉ የከበደች ነበረች። ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ እየሆኑ ከመስመር ይወጡበታል። ሰው እንዳያየው ቅጹን ወደ ውሾቹ ቤት ይወስድና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል። የሚጽፈውም አጭር ነው። «አጥሩን ሁለት ጊዜ መዞር።» «በመኪና ክላክስ አለመደንገጥ።» በቃ፣ ከዚያ አያልፍም።

የዚያን ወር ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ጻፈ። «ከሌላ ሰው እጅ መብላት።»

ሥራ አስኪያጁ አነበበው፣ እንደገና አነበበው፣ ከዚያ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ እያሳየ ሳቀ።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሽ ዝምታው? ውሻ መብላት ይሠለጥናል እንዴ? እኔ ቤት ያለው ማንም ሳያስተምረው ሶፋዬን በልቶ ጨርሷል እኮ!»

ጸሐፊዋም ሳቀች። ዝምታው ወደ ጫማው አየ። የግራ ጫማው ማሰሪያ ከተፈታ ሰንብቷል፤ እግሩ አብጦ አልገባ ስላለው ነው። ስኳር ካለበት ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቁስሉ ግን ዘንድሮ የመጣ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮታል። እግሩ ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ቀጠሮው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የታላቅ እህቱ ቤት ነው የሚኖረው።

«እኔ... እኔ ስሄድ የሚያበላቸው ሰው አይኖርም» አለ፣ ድምፁ ከአፉ ሳይወጣ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ዋጠ። ነገሩን ያውቅ ነበር፤ ረስቶት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነብሮ በፊት ግቢው አንድ ውሻ ነበረው። አንድ ቀን ሌቦች በአጥር ላይ መርዝ የተለወሰ ሥጋ ጣሉለት። ውሻው በላ፤ እስከ ቀትርም አልቆየ፣ ዝምታው ጭን ላይ እንዳለ ሞተ። ያን ጊዜ ዝምታው በልቡ ማለ፤ ከእንግዲህ የኔ ውሻ ከሰው እጅ አይበላም አለ። ነብሮን ሲያሳድግ ሹፌሩንም፣ አናጺውንም፣ መንገደኛውንም እየለመነ ሥጋ እንዲሰጡት አደረገ፤ ሥጋው ውስጥ መራራ ነገር ይጨምርበታል። ነብሮ ቀምሶ ቀምሶ ተማረ። በመጨረሻ ከዝምታው እጅ ካልሆነ፣ ዝምታውም «ያንተ ነው» ካላለው፣ ከፊቱ የተቀመጠ ሥጋ እስኪደርቅ ዞር ብሎ አያየውም። ይቺን ቃል ዝምታው ለማንም አላስተማረም። የግቢው ሰው በነብሮ ይኮራ ነበር፤ አዲስ ሹፌር በመጣ ቁጥር «እስቲ ያቺን ጥብስህን ስጠው» እያሉ ይስቁበታል። ዳማንም በዚያው መንገድ አሳደጋት።

አንድ ነገር ብቻ አላሰበም። እሱ ራሱ የማይኖርበት ቀን እንደሚመጣ አላሰበም።

ቦታውን እንድትረከብ የተመደበችው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት፤ ከልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጣች። አፏ ስለማያርፍ ፋብሪካው ውስጥ «ሬዲዮ» ይሏት ነበር፤ ስሙም ተከትሏት መጣ። ዝምታውና ሬዲዮ አንድ ላይ መመደባቸው የግቢው ጨዋታ ሆነ። «ጋሽ ዝምታው፣ ድምፅ መቀነሻዋን አገኘኸው?» ይሉታል።

ዝምታው ወሩን በአራት ከፈለው። በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ያበላል፣ ሬዲዮ አጠገቡ ትቆማለች። በሁለተኛው ሳህኑን እሷ ትይዛለች፣ ቃሉን እሱ ይላል። በሦስተኛው ቃሉንም እሷ ትላለች፣ እሱ ከግድግዳው ጀርባ ይሆናል። በአራተኛው እሱ ከግቢው ይወጣል። ይህን ሁሉ አልጻፈውም፤ በጣቱ እየቆጠረ ነገራት።

«ቃሏ ይቺ ብቻ ናት? እኔ እኮ ድግምት መስሎኝ ነበር» አለች ሬዲዮ።

«ይቺ ብቻ ናት።»

«ያንተ ነው። ያንተ ነው። ጋሼ፣ ለባሌ ብላት ይሠራ ይሆን? እሱም ከኔ እጅ ካልሆነ አልበላም ብሎ አስቸግሮኛል።»

ዝምታው ሳያስበው ሳቀ። ደግ ሴት እንደሆነች ያኔ ገባው።

ዳማ አላስቸገረችም። በአሥረኛው ቀን የሬዲዮን መዳፍ ላሰች፤ በአሥራ ሁለተኛው ሳህኑን ወልውላ በላች። ነብሮ ግን ሳህኑን እሷ ስትይዝ ዐይኑን ዝምታው ላይ ይተክላል። ቃሉን እሷ ስትለው ጆሮውን ያቆምና ይሰማል፣ ከዚያ ጭንቅላቱን የፊት እግሮቹ ላይ ያሳርፋል። ዝምታው ከግድግዳው ጀርባ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቀትር ሲሆን አንጀቱ አይችልለትም፤ እያነከሰ ይመጣና «ያንተ ነው የኔ ጌታ» ይለዋል። ነብሮ እስኪታነቅ ይበላል።

ሦስተኛው ሳምንት እንዲህ አለቀ። በአራተኛው መጀመሪያ ሬዲዮ ሳህኑን መሬት አስቀመጠችና ባልዲው ላይ ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ እንጂ አንድ ነገር ልበል?»

«በይ።»

«እሱ ሞኝ አይደለም። እኔን እንቢ ካለኝ እርስዎ እንደሚመጡ ያውቃል። በየቀኑ ይመጣሉ። እኔ መብላት አስተምራለሁ ስል እርስዎ መጠበቅ እያስተማሩት ነው።»

ዝምታው ፊቱ ደም መሰለ። ሃያ ዓመት ውሻ ያሠለጠነን ሰው ከልብስ ስፌት የመጣች ሴት ነገረችው። ልክ ነበረች። ቢቆጣ ይቀለው ነበር፤ ግን መቆጣት አይችልበትም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ።

«ይሂዱ። ቀጠሮዎ ስንት ቀን ቀረው?»

«ስድስት።»

«አሁኑኑ ይሂዱ። ተመልሰው አይምጡ።»

ዝምታው የመጨረሻውን ቀን ሌላ አድርጎ ነበር ያሰበው። ነብሮን በሞቀ ውሃ ሊያጥበው፣ አብሮት አጥሩን ሊዞር፣ ማንም ሳያይ ጆሮው ሥር የሆነች ነገር ሊለው ነበር። አሁን ግን እንደዚያ ቢያደርግ ነብሮ ይነቃበታል፤ ውሻ የሰው ሆድ መባባትን ያሸታል። ስለዚህ እንደ ወትሮው የውሃውን ሳህን ሞላ፤ እንደ ወትሮው በሩን ቀረቀረ። ነብሮ ጅራቱን ሁለቴ መሬት ላይ መታ። ዝምታው ዞር ብሎ አላየም። ዋናው በር ላይ ዘበኛው «ዛሬ በጊዜ ነው ጋሼ?» ሲለው ዐይኑ በእንባ ግጥም ብሎ ስለነበር መልስ አልሰጠውም። ዘበኛውንም አልገረመውም፤ ዝምታው አይደል።

እህቱ ቤት መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ስልኩን ይዞ ዋለ። ሬዲዮ ማታ ማታ ትደውላለች። የመጀመሪያው ቀን ነብሮ አልበላም። ሁለተኛው ቀን ውሃ ጠጣ፤ አልበላም። ሦስተኛው ቀን አልበላም፤ ፊቱን ወደ ዋናው በር አድርጎ ተኝቶ ዋለ።

«አንተም እኮ ምግብ አልነካህም» አለች እህቱ። «ስኳርህ ይወርድና ሳትቆረጥ ትሞትብኛለህ። ብላ ወንድምዬ።»

«እሺ እትዬ» አለና ሁለት ጉርሻ ጎረሰ። ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ሆነበት።

በአራተኛው ቀን ሬዲዮ ቀን ላይ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል።

«ጋሼ፣ የጎድን አጥንቱ እየታየ ነው። ፈራሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በስልኩ ብቻ ‹ያንተ ነው› ይበሉት። ይኸው ጆሮው ላይ አድርጌዋለሁ።»

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ቀጥሎ ትንፋሽ መጣ። ዝምታው ያን ትንፋሽ ከሺህ ውሻ መሃል ይለየዋል። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደረሰች። በግራ እጁ አፉን ግጥም አድርጎ ያዘ፤ አተነፋፈሱ እንኳ እንዳይሰማ ትንፋሹን ዋጠ። «ጋሼ? አሉ? ጋሼ!» ትላለች ሬዲዮ ከሩቅ። ስልኩን ዘጋው።

እህቱ በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«አንጀትህ ድንጋይ ነው እንዴ? አንዲት ቃል እኮ ናት የጠየቀችህ!»

«ድምፄን ከሰማ ሌላ አምስት ቀን ይጠብቃል፣ እትዬ።» እንዲህ ረጅም ነገር ከተናገረ ሰንብቷል። ከዚያ ፊቱን ወደ ሶፋው መደገፊያ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እህቱ አጠገቡ ተቀምጣ ጀርባውን ዳበሰችው።

አምስተኛው ቀን ስልክ አልጮኸም። እሱም አልደወለም፤ ፍርሃት እጅ እግሩን ያዘው። ሌሊቱን ነብሮ ሞቶ ይሆናል እያለ አደረ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ነጩን ልብስ አልብሰውት፣ አልጋው ላይ ተራውን ሲጠብቅ ሬዲዮ ደወለች። ቃሏ እየተደናቀፈ ነው።

«በላ! በላልኝ ጋሼ! ትናንት አንዲት ቁራጭ ቀመሰ፤ ያው ላይደግመው ይችላል ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ግን ጨረሰው!»

«ከእጅሽ?»

«ከእጄ! ያንተ ነው አልኩት፣ እግሩን እየጎተተ መጣ፣ መዳፌን ሳይቀር ላሰ።»

ዝምታው መጠየቁን ፈርቶት ነበር።

«ሲበላ ወደ በሩ ያያል?»

ሬዲዮ ዝም አለች። ካወቃት ጀምሮ እንደዚያ ዝም ስትል ሰምቷት አያውቅም።

«አይ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «ዛሬ አላየም።»

አንድ ወር ሙሉ የለፋው ለዚህ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎታል። ግን ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ለቆ ሲወርድ ተሰማው።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ። ስሚኝ። ለሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ጨምሪ። ዘበኛው ይሁን፣ ወይ ከአናጺዎቹ አንዱ። ከሁለት ሰው እጅ ይብላ። እኔ አንድ እጅ ብቻ አስተማርኩት። ጥፋቴ እሱ ነው። አንቺም የሆነ ቀን ትታመሚያለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

«ታዲያ ሁለተኛው እርስዎ ይሁኑ እንጂ! ሲድኑ በክራንችም ቢሆን ይመጣሉ፣ እሱም...»

«አይሆንም» አላት። «መጠበቁን ትቷል። አታስጀምሪው።»

ነርሷ መጣችና የአልጋውን ፍሬን በእግሯ ነካችው። ስልኩን ለእህቱ ሰጣት። አልጋው መንቀሳቀስ ሲጀምር እህቱ እጁን ይዛ በኮሪደሩ አብራው ሄደች፤ ድርብ በሩ ጋ ሲደርሱ ነርሷ «እዚህ ላይ እጃቸውን ይልቀቁ» አለቻት።