አልለቅ ያለው የግራሶ እድፍ

ትናንት ጠዋት ከሦስት ቀን በኋላ ውሃ መጣች። መጣች ስላችሁ... የማድ ቤቱን ቧንቧ ፈንቅላ ነው የመጣችው።

ኮልፌ ያለው ቤቴ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ውሃ ከጠጣ አለቀልኝ። ቆጣሪው ላይ ያለው የውሃ መዝጊያ ደግሞ ዝጎ አልዞር ካለ ቆይቷል። መካኒክ የነበረው ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግቢ ውስጥ ሌላ መዝጊያ መቅበሩን አውቃለሁ። የት እንደሆነ ግን...

ጎረቤቴ ጋሽ ሽብሩ ጩኸቴን ሰምተው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ዶማ ይዘው መጡ። አንዱን ጥግ ቆፈሩ፣ የለም። ሌላውን ቆፈሩ፣ የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ የቀበረው መዝጊያ ነው ወይስ ወርቅ?»

እኔ ውሃውን በጆንያ ወደ በር እገፋለሁ። የግድግዳው ጭቃ ከታች መላጥ ጀምሯል። መጻሕፍቴን አልጋ ላይ ከምሬያለሁ።

ጋሽ ሽብሩ ላባቸውን ሊጠርጉ በረንዳው ላይ ቆም ሲሉ ግድግዳው ላይ አፈጠጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

አፈርኩ። በዚህ ሰዓት ስለ እድፍ ይጠየቃል?

«ተዉት፣ የእሱ ግራሶ ነው። በረኪናም አላስለቀቀው። ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀባሁበት፣ እያለፈ ወጣ።»

«የምን እድፍ! ቀስት ነው እኮ! ከሥሩ አራት ሰረዝ አለው።»

ቀስቱ ወደሚያሳየው አራት እርምጃ ተራመዱ። ያረፉት ጽጌረዳዬ ላይ ነው። «ይቅር በይኝ» ብለው ከነሥሯ ነቀሏት... መዝጊያው ከሥሯ ተኝቷል! ሲዘጉት ውሃው ቀጥ አለ።

ያለ አስተማሪ ፊደል ለይቼ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሴት፣ ያቺን አንዲት ምልክት እሱ ከሞተ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት በሳሙና ስፈትግ ኖሬአለሁ።

ጋሽ ሽብሩ ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ቆይ፣ ምነው ሳይነግርሽ ቀረ?»

መዝጊያውን የቀበረበት ቀን ትዝ አለኝ... እጁ ግራሶ፣ ጫማው አፈር፣ «ነይማ አንድ ነገር ላሳይሽ» እያለ በሩ ላይ ቆሞ።

«ሊነግረኝማ መጥቶ ነበር። መጀመሪያ ታጠብ ብዬ መለስኩት፣ በዚያው ተረሳ።»

ጋሽ ሽብሩ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ትንሽም አለቀስኩ።

ባል ያላችሁ እህቶቼ፣ ጭቃውን ይዞ ከገባ መጀመሪያ የሚለውን ስሙት... ወለሉ በኋላም ይወለወላል።