ጾም የገቡት የሽፈራው ዓሦች

ሽፈራው ዓሣን የሚያውቅ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ በስቶክሆልም የሚኖረው የእኛ ሰው ስሙ በተነሣ ቁጥር «ያ ዓሣ የፈጀው» እያለ ስለሚጠራው ነው። ዓሦቹን የፈጀው እርሱ አይደለም። ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ።

የተወለደው በዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። በመንግሥት የዓሣ ሀብት ክፍል ዐሥራ አንድ ዓመት አገልግሏል። ሥራው ከሐይቁ የወጣውን ዓሣ መመዘን፣ ሆዱን ቀድዶ የበላውን መመርመርና በሽታውን ለይቶ መጻፍ ነበር። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ወደ ስዊድን መጣ። በዚህ አገር ያን ዕውቀቱን የጠየቀው አልነበረም። ሱንድቢበሪ ውስጥ አንዲት ክፍል ይዞ የከርሰ ምድር ባቡር ይጠርግ ጀመር። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው የሚቸግረው ሰው ነበር። ዓሣ ሲይዝ ግን ያ እጅ አይቸገርም።

በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ ሮግስቬድ አጠገብ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቪካሪ ሆኖ ገባ። ቪካሪ የሚሉት የሌላውን ሠራተኛ ቦታ ለጊዜው የሚሸፍነውን ነው። ኮሪደር ይጠርጋል፣ አምፖል ይቀይራል፣ በረዶ ይዝቃል። በግቢው መካከል ኩሬ ነበረ፤ በውስጡም ኮይ የሚባሉ የጃፓን ጌጠኛ ዓሦች ነበሩ። ባለፈው የበረዶ ክረምት አምስቱ ሞተው ዘጠኝ ቀርተዋል። የመኖሪያው ኃላፊ ጉንቮር የምትባል ስዊድናዊት ናት፤ ኩሬውን በአፈር ልታስደፍነው ወስና ነበር።

«ለእኔ ስጪኝ» አላት ሽፈራው።

«ምን ታደርገዋለህ?»

«አንድ ክረምት አሻግራቸዋለሁ።»

ጉንቮር ቃል ገባችለት። ዓሦቹ በሕይወት ክረምቱን ከተሻገሩ፣ በግንቦት የሕንፃው ቋሚ ሠራተኛ አድርጋ ትቀጥረዋለች። ከሞቱ ኩሬው ይደፈናል፤ የእርሱም የሥራ ጊዜ በዚያው ያበቃል። ያ ዘመን በአገሩ ሁሉ ሠራተኛ የሚቀነስበት ስለ ነበር፣ ቋሚ ሥራ በሕልምም አይገኝም። ለሽፈራው ግን ነገሩ ከደመወዝም በላይ ነበር። ከአገሩ ይዞት የወጣው ያ አንድ ዕውቀት ለሰው እንደሚጠቅም የሚታይበት ሌላ ዕድል አልነበረውም።

ለእኛም ያደረገልን አለ። በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስም የጽዋ ማኅበር ነበረን፤ ሠላሳ እንሆናለን። በየሰው ቤት ስንዘምር ጎረቤት እየከሰሰን መግቢያ አጥተን ነበር። ሽፈራው ጉንቮርን ለመነልን፤ የምድር ቤቱን አዳራሽ ለእሑድ እሑድ ፈቀደችልን። «ከአዳራሹ ውጭ ግን ምንም ነገር እንዳትነኩ» አለች። ቁልፉን የያዝሁት እኔ ነኝ። በልጅነቴ በጎጃም የቅኔ ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ማኅበርተኛው መሪጌታ ይለኛል፤ ስገባም ከመቀመጫው ይነሣል።

ሽፈራው የክረምቱን ዝግጅት የጀመረው ገና በነሐሴ ነው። «በሽታ የሚታከመው ውሃው ሳይቀዘቅዝ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መድኃኒቱም አይሠራ፣ ቁስሉም አይድን» ይለኝ ነበር። ዓሦቹን አንድ በአንድ በመረብ እያወጣ ሰማያዊ ገንዳ ውስጥ ያኖራል፤ ስንጥባቸውን ገልጦ፣ ክንፋቸውንና ሆዳቸውን ዳስሶ ይመረምራል፤ የታመመውን በጨው ውሃ ያቆየዋል። ከሁሉም ትልቁ፣ ነጭ ሆኖ ራሱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ዓሣ፣ ጅራቱ አጠገብ ቆስሎ ነበር። ዐሥራ አንድ ቀን መድኃኒት ቀባው። በዳነ ጊዜ ጠርቶ አሳየኝ፤ የልጁን የፈተና ውጤት የሚያሳይ አባት ይመስል ነበር።

መስከረም ሲገባ የኩሬውን አተላ ጠርጎ አወጣ። በግቢው ያለው በርች የሚባል ዛፍ ቅጠሉ እንዳይወርድበት ከላይ መረብ ዘረጋ። ከታች ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ከላይኛው እንዳይቀላቀል የውሃ መግፊያውን ሞተር ከወለሉ ከፍ አደረገው። መኖውን ከስንዴ በተሠራ ቀለል ያለ መኖ ለወጠ፤ እርሱንም በቀን ሁለቴ የነበረውን አንዴ፣ ቀጥሎም በሁለት ቀን አንዴ አደረገው። ሙቀት መለኪያውን በሲባጎ አስሮ ወደ ጥልቁ እየሰደደ በየማለዳው ያያል። ቁጥሩ ከስምንት በታች በወረደ ዕለት የመኖውን ሣጥን ቆለፈ።

ዕለቱ እሑድ መስከረም ሠላሳ ነበር። ጸሎት ሳንጀምር ወደ አዳራሹ ወርዶ እጁን እየታጠበ «ዓሦቼ ዛሬ ጾም ገቡ» አለ።

«የጽጌን ነው?» አለች ብርቅአየሁ። የማኅበሩን ዳቦ የምትጋግረው እርሷ ናት፤ አፏ አያርፍም።

«ይረዝማል እንጂ። የሚፈቱት በሚያዝያ ነው።»

«ስድስት ወር? ሹመትህን አልሰማንም እንጂ ጳጳስ ሆነሃል ማለት ነው።»

«ለዓሣ ብቻ ነው የተሾምኩት» አለ እየሣቀ። «ሲቀዘቅዝ እኮ ሆዳቸው ይተኛል፣ አፋቸው ነው የማይተኛው። ብትሰጫቸው ይበላሉ። የበሉት ግን ሳይፈጭ ሆዳቸው ውስጥ ይበሰብሳል።»

በዚህ ጊዜ እኔ ገባሁበት። «ሽፈራው፣ የነነዌ እንስሳት እንኳ የጾሙት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በላይ እንስሳን የሚያስጾም ሥርዓት አላነበብሁም።»

«እርስዎ ያነበቡት የምሕረቱን ጾም ነው መሪጌታ። ይሄ የብርድ ነው» አለኝ፣ ጎንበስ ብሎ።

ሰው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ፤ ነገር ግን ቅር አለኝ። መጽሐፍ ያልተማረ ሰው በጉባኤ ፊት አርሞኝ አያውቅም ነበር።

የአቦን በዓል ጥቅምት አምስት ማክበር ሲገባን፣ ሰው ሥራ ላይ ስለሚውል ወደ እሑድ አዛወርነው። ያን ዕለት ዝናብ ስለ ነበር ግማሹ ማኅበርተኛ ቀረ፤ ከብርቅአየሁ ዳቦ ሦስት ሙልሙል ተረፈ። የተባረከ ዳቦ አይጣልም፣ ፍርፋሪውም አይረገጥም። ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ወሰድሁት።

በማግሥቱ ሰማዩ ጠርቶ ያልተጠበቀ ፀሐይ ወጣ። ከአዳራሹ የረሳሁትን መነጽር ልወስድ መጥቼ በኩሬው አጠገብ አለፍሁ። ዓሦቹ ጥላዬን ሲያዩ ወደ ላይ ወጡ፤ ዘጠኙም አፋቸውን ከፍተው ወደ እኔ አቀኑ። ወቅቱ ለአራዊትና ለአዕዋፍ የራራው ጻድቅ የሚታሰብበት ሳምንት ነው። ሽፈራው ራሱ ያበላቸው የነበረው ስንዴ ነው፤ ዳቦውም ስንዴ ነው። እንዲህ እያልሁ ለራሴ አስረዳሁ። ከቤቴ ዳቦውን አምጥቼ፣ እየፈረፈርሁ በመረቡ ቀዳዳ ጣልሁላቸው። እየተጋፉ በሉ። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም። ጾሙን በምሕረት የሻርሁ መሰለኝ።

ዳቦው እስኪያልቅ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ በየቀኑ መጣሁ። የምመጣው ሽፈራው የላይኛውን ፎቅ በሚጠርግበት ሰዓት ነበር። ያን ሰዓት መምረጤ ብቻውን፣ የማደርገውን አውቄ እንዳደረግሁት ይመሰክርብኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት ብርዱ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ የኩሬው ጠርዝ በረዶ ያዘ። ትልቁ ነጭ ዓሣ በጎኑ ተኛ። ሽፈራው የሕንፃው ማሞቂያ ወዳለበት የምድር ቤት ክፍል አውርዶ የጨው ውሃ አዘጋጀለት፤ ሙቀቱ ድንገት እንዳይለወጥበት ውሃውን በጣሳ በጣሳ እየጨመረ አጠገቡ ዋለ። ቅዳሜ ሞተ።

በማግሥቱ፣ በጥቅምት ማርያም፣ ማልጄ መጥቼ በማሞቂያው ክፍል በር አለፍሁ። ሽፈራው የሞተውን ዓሣ ጋዜጣ ላይ አጋድሞ፣ እንደ ዝዋዩ ዘመን ሆዱን ቀድዶት ነበር።

«ምን አገኘህ?» አልሁት።

ከሆዱ ያወጣውን በቢላዋው ጫፍ ወደ መብራቱ አቀረበ። እኔም አየሁት። የረጠበ ሊጥ የሚመስል ነጭ ነገር ነው፤ በውስጡ ጥቁር አዝሙድ ነበረበት። ለስዊድን አረጋውያን በሚያበስለው ወጥ ቤት ጥቁር አዝሙድ ያለበት ዳቦ አይገባም። በዚያ ግቢ ውስጥ ያ ዳቦ የሚገኘው በእኛ አዳራሽ ብቻ ነው፤ የተረፈውንም ማን እንደ ወሰደው ሽፈራው አይቷል።

«በሽታ አይደለም» አለ ቀና ሳይል፤ ጋዜጣውንም አጠፈው። «ይግቡ መሪጌታ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው።»

ገባሁ። ጸሎቱንም መራሁ።

በዚያው ሳምንት ሌሎች ሁለት ዓሦች ሞቱ። ጉንቮር ሽፈራውንና ቁልፍ ያዡን እኔን ወደ ቢሮዋ አስጠራችን። ስዊድንኛዬ ለንግግር ባይበቃም ለመስማት ይበቃል።

«ከኩሬው ወለል ዳቦ ተገኝቷል» አለች። «የጣሉት የእናንተ ሰዎች ከሆኑ አዳራሹን ዛሬውኑ ትለቃላችሁ። ማን ነው?»

ቁልፉ በእጄ ነበር። አፌን መክፈት ነበረብኝ፤ አልከፈትሁም።

«እኔ ነኝ» አላት ሽፈራው።

«አንተ? የመኖውን ሣጥን የቆለፍኸው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ሲለምኑኝ አሳዘኑኝ።»

ጉንቮር መነጽሯን አወለቀች። «ዓሣ ዐውቃለሁ ብለኸኝ ነበር» አለችው። ዐሥራ አንድ ዓመት ዓሣ የመረመረ ሰው፣ ማንም ጀማሪ የማይሠራውን ስሕተት በገዛ አንደበቱ በራሱ ላይ አደረገ። ስንወጣ በውጭው ደረጃ ላይ ክንዴን ያዘኝ። ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ደነገጥሁ። «ያዳልጣል መሪጌታ፣ ቀስ ይበሉ» አለኝ።

የጥር ወር እስኪገባ ከዘጠኙ ዓሦች ሰባቱ አለቁ። የቀሩትን ሁለቱን ቤቱ ውስጥ ገንዳ ያለው ሰው ወሰዳቸው። የሽፈራው የሥራ ጊዜ አልታደሰለትም፤ ወደ ባቡር መጥረጉ ተመለሰ። በግንቦት፣ ቋሚ ሊሆን ቃል በተገባለት ወር፣ የጭነት መኪና መጥቶ ኩሬው ላይ አፈር ገለበጠ፤ ሣርም ተዘራበት። እኛ ግን አዳራሹን አልተነጠቅንም።

ብርቅአየሁ ዳቦ እየቆረሰች ወሬውን ታደምቀው ነበር። «ጾም አስገባኋቸው ሲል አልሰማችሁም? በርሃብ ፈጃቸው እኮ። ዐዋቂ ተብዬ!» ሰው ይሥቃል። እኔ በራስጌ ተቀምጬ ዳቦውን እባርካለሁ። ሽፈራው መጀመሪያ በወር አንዴ ይመጣ ነበር፤ «ጳጳሱ መጣ» ማለት ሲጀምሩ ቀረ። እኔም ለንስሐ አባቴ ነገርሁ፤ ስግደት አዘዙኝ፤ ሰገድሁ። ሄደህ ለተበደለው ሰው ንገር ብለውኝ ነበር፤ ያችን ብቻ አልፈጸምሁም። ለማኅበሩ አንድነት ነው እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። እውነቱ ግን፣ ስገባ የሚነሣው ሰው ተቀምጦ እንዳይቀር መፍራቴ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ በ1990 ዓ.ም. ኅዳር፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ከሮግስቬድ አልፌ እስከ ባቡሩ መጨረሻ ሄድሁ። መጥረጊያ የያዘ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ሽፈራው ነበር። ጠጉሩ ሸብቷል።

«መሪጌታ፣ አልፈዋል እኮ» አለኝ።

አጠገቡ ቆሜ፣ አራት ዓመት ያዘገየሁትን በአንድ ትንፋሽ አወጣሁት። «ሽፈራው፣ ዳቦውን የጣልሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ጥቁር አዝሙዱን አየሁት።» መጥረጉን አላቆመም።

«ታዲያ ስለምን በራስህ ላይ አደረግኸው?»

«ሠላሳ ሰው አዳራሽ ያጣ ነበር። ለምኜ ያስገባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት በቀለለኝ። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ቢሮ ውስጥ ዝም ማለትዎ ይሁን፤ እዚያ እኔ ቀደምኩዎት። ብርቅአየሁ በርሃብ ፈጃቸው ስትል ግን እርስዎ እዚያ ተቀምጠው ነበር አሉ። የኔን አፍ የያዘው አዳራሹ ነው። የእርስዎን አፍ ማን ያዘው?»

ይቅር በለኝ ልለው ስዘጋጅ ባቡሩ ደወለ።

«ይውረዱ፣ በሩ ሊዘጋ ነው» አለኝ።

ወረድሁ። በመስኮቱ ስመለከት፣ ተቀምጬበት ከነበረው ወንበር ሥር እየጠረገ ነበር።