«ለካንሰር መድን አይሠራም» ያሉን መስኮት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጣና ገና ሞልቶ ሳለ ነው። እኔ የሚያናድድ ነገር ቢገጥመኝ ሳድርበት የሚበርድልኝ ሰው ነኝ። ይኸኛው ግን አልበረደልኝም። ለማንም ሳወራው ድምፄ እየጨመረ ይሄድና ሰው «ቀስ በይ» ይለኛል።

ባሕር ዳር ከተማ ልብስ በመስፋት ነው የምተዳደረው። አባቴ መርጌታ ናቸው፤ ዘጌ ውስጥ ዜማ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። አንድ ወቅት ላይ ሰውነታቸው እየሟሸሸ ሲሄድ አስመረመርኋቸውና የደም ካንሰር ተገኘባቸው። ስሰማ ያለቀልን መሰለኝ። ሐኪሙ ግን ቀና ሰው ነበርና እንዲህ አላቸው፦

«አባቴ፣ አይደንግጡ። ይኸኛው ዓይነት የሚዋጥ መድኃኒት አለው። በየቀኑ ከወሰዱ ገና ብዙ ተማሪ ያስመርቃሉ። ካቋረጡ ግን ይመለሳል፤ ሲመለስ ደግሞ ይብሳል።»

አባቴ የጤና መድን አባል ናቸው። ደብተራቸውን በየዓመቱ ቀድመው ነው የሚያሳድሱት። እኔም መድን ስላላቸው እፎይ ብዬ ነበር። ማዘዣውን ይዘን የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ስንደርስ ግን፣ «ለካንሰር መድን አይሠራም፤ ከውጭ ግዙ» አሉን። እኛ ምን እናውቃለን? አመንን። እሳቸው የጓሯቸውን ቡና እየሸጡ፣ እኔም ከስፌቱ እየጨመርሁ ከውጭ መግዛት ጀመርን።

ለወራት እንዲህ ቆየን። ከዚያ ለክትትል ቀጠሯቸው ከዘጌ በጀልባ መጡ። ልቀበላቸው ወደብ ወርጄ ሳያቸው ደነገጥሁ። ፊታቸው ነጥቷል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል። ከጀልባው ወርደው ጥቂት እንደተራመዱ ዛፍ ተደግፈው ቆሙ። ቤት ገብተን ሻንጣቸውን ስፈታ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አገኘሁት። በዚያን ጊዜ ማለቅ የነበረበት መድኃኒት ግማሹ ገና እንዳለ ነው።

«አባባ፣ መድኃኒቱን አይወስዱም እንዴ?» አልኋቸው።

«እወስዳለሁ እንጂ። አንድ ቀን እውጣለሁ፣ አንድ ቀን እጾማለሁ።» ፈገግ አሉ። «አንችን ከማራቁትሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

በማግሥቱ ሐኪሙ የደም ውጤቱን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «ተነሥቷል። ለምን አቋረጡ?» ሲል ጠየቃቸው። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ነኝ እየገዛን እንደሆነ የነገርሁት።

«ለምን ትገዛላችሁ? መድን የላችሁም?»

«አለን። ግን ለካንሰር አይሠራም ተባልን።»

«ማን ነው ያላችሁ?» ብሎ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይሠራል። እኔ ጋ የመጡት በሪፈር ነው፣ ደብተራቸው ታድሷል። እዚህ የታዘዘላቸውን እዚሁ ያለ ክፍያ ነው የሚወስዱት። መድኃኒቱ ቢያልቅ እንኳ ማዘዣው ላይ ‹የለም› ብለው ማኅተም ይመቱላችኋል፤ ከዚያ ከመድኑ ጋር ውል ካለው መድኃኒት ቤት ትወስዳላችሁ።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ይህን የሚነግረን አንድ ሰው ጠፍቶ ነው አባቴ ሲሰቃዩ የሰነበቱት!

አዲሱን ማዘዣ ይዘን ወረድን። መስኮቱ ጋ ሰልፉ ረጅም ነበር። አባቴ ቆመው ሲንገዳገዱ ያዩ አንዲት ሴት ከአግዳሚው ተነሥተው፣ «አባቴ፣ ከኔ ቦታ ይቀመጡ» አሏቸው። ዘሀራ ይባላሉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ነበር የመጡት። ከኛ ቀጥሎ የእሳቸው ተራ ነበር።

ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ውስጥ ያለው ጎልማሳ ማዘዣውን አየት አደረገና ቀና ሳይል፣ «ይኸ በመድን አይሰጥም። ከውጭ ግዛ» አለ። አባቴን ነው «ግዛ» ያለው።

«ሐኪሙ ይሠራል ብሎናል» አልሁት።

«ሐኪሙ እዚህ አይሠራም።»

«እሺ፣ መድኃኒቱ አለ ወይስ የለም?»

«አለ። በክፍያ ነው።»

ከዚያ በኋላ ራሴን አላውቅም። ጮህሁ። መድኃኒቱ እያለ ስለምን የታመመ ሰው እንደሚያባርር፣ ማን ከልክሉ እንዳለው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። «ከላይ ነው» አለኝ። «ከላይ ማን?» ስለው ማዘዣውን ገፍቶ መለሰልኝ። አባቴ ነጠላዬን እየሳቡ፣ «ተይ ልጄ፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ» ይሉኛል። አልተውሁም። እሳቸውን ለወይዘሮ ዘሀራ አደራ ብዬ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የመድን ቢሮ ሮጥሁ።

ቢሮው ውስጥ ያገኘኋት ሴት ደብተሩንና ማዘዣውን አይታ ተከትላኝ ወጣች። መስኮቱ ጋ ደርሳ፣ «ይኸ መድኃኒት ለመድን ታካሚ ይሰጣል። ለምን ከለከልህ?» አለችው።

ሰውየው አላፈረም። «እናንተ ገንዘባችንን ስለምታዘገዩብን ነዋ! ውድ ውዱን ለመድን አትስጡ ተብለናል» አላት። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ ነው ይህን ያለው።

ለካ እነሱ እርስ በርሳቸው ባልተስማሙበት ሒሳብ ነው አባቴ መድኃኒት ሲጾሙ የከረሙት። «ገንዘብ ስላልተከፈለን ነው» ብለው እውነቱን ቢነግሩን እኮ አቤት የምንልበት ቦታ እንፈልግ ነበር። «አይሠራም» ሲሉን ግን አርፈን ሄድን።

ሴትየዋ አልሄድም ብላ ስትቆምበት ሰውየው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ዞር አለና ከኋላው ካለው መደርደሪያ ብልቃጡን አወረደ። ብድግ እንኳ አላለም። መድኃኒቱ ያን ያህል ቅርብ ነበር። አባቴ ተቀብለው፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ሲሉ መረቁት። በእሳቸውም ተናደድሁ።

ልንሄድ ስንል ወይዘሮ ዘሀራ ክንዴን ያዙኝ። ብልቃጡን ከአባቴ እጅ ተቀብለው አገላብጠው አዩት።

«ይኸን መድኃኒት አውቀዋለሁ» አሉ። «ባለቤቴ ሰይድ ይኸንኑ ነበር የሚወስደው። ጀልባ ሠሪ ነበር። መድን ነበረን፤ እዚሁ መስኮት ላይ ነው አይሠራም ያሉን። ያለንን ሸጠን ገዛን። በኋላ የምንሸጠው ሲያልቅ አቆመ፤ ብዙም አልቆየልኝ።»

ከዚያ ወደ መድን ቢሮዋ ሴት ዞሩ። አልጮኹም። «ያኔም ይሠራ ነበር?» ብለው ጠየቋት።

ሴትየዋ እጃቸውን ያዘች። «አዎ፣ እናቴ» አለች። «ይሠራ ነበር።»

አባቴ አማተቡ።

«ቀጣይ!» አለ ሰውየው ከመስኮቱ ውስጥ።

ተራው የእሳቸው ነበር። ወይዘሮ ዘሀራ ብልቃጡን ለአባቴ መለሱና የግፊት መድኃኒታቸውን ማዘዣ በመስኮቱ አቀበሉ። ሌላ ምን ያድርጉ?

አባቴ አሁን ደህና ናቸው። መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይውጣሉ፤ ሆዳቸውም ጎድሏል፤ ወደ ተማሪዎቻቸው ተመልሰዋል። እኔ ለሆስፒታሉም ለመድኑም አቤት ብያለሁ፤ ሁለቱም «እናጣራለን» ብለውኛል። እስካሁን እያጣሩ ነው። ጎረቤቶቼ «አንች ጀግና፣ አባትሽን አተረፍሽ» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። እኔ ያደረግሁት መጮህ ብቻ ነው። መድኃኒት ለማግኘት መጮህ ለምን ያስፈልጋል? መጮህ የማይችለውስ?

አባቴ «ይቅር በይው፣ ልጄ» ይሉኛል። ለእሳቸው ስል ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ይቅርታው ከእኔ የሚጠበቅ አይመስለኝም። የሚጠበቀው ከወይዘሮ ዘሀራ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ ይቅርታ የጠየቃቸው የለም።