በሁዳዴ የተሠራ ሣጥን

ከበበው ራሱ ቴሌቪዥን የለውም፤ የላፍቶን ቴሌቪዥን ሁሉ ያለበሰው ግን እሱ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ዕቃውን ራቁቱን አያስቀምጥም። ባለሁለት መዝጊያ፣ ባለቁልፍ ሣጥን ያሠራለታል፤ ማታ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይቆልፍበታል፣ ከላዩ ዳንቴል ያለብሰዋል። እንደ ከበበው አድርጎ የሚሠራው ሌላ ሰው ይኑር አይኑር እንጃ፤ ከበበው እንደሆነ የለም ባይ ነው። የሱ ሣጥን ሲዘጋ ግጥም ይላል። "የኔ ሣጥን ትንኝ አያስገባም" ይላል፣ አፉን ሞልቶ።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ሃይሌ ጋርመንት መገንጠያው ላይ ሻይ ቤት ያላት አማከለች አስጠራችው። ከአንድ ከተዘጋ ሆቴል አሮጌ የጣሊያን ቡና ማሽን ገዝታ ነበር። የማሽኑ ሆድ ዕቃ ደህና ነው፤ የላይኛው ቆርቆሮ ግን በዝገት አልቆ ቱቦው ሁሉ ተገልጧል።

"ጋሽ ከበበው፣ ይሄን ለሰው ማሳየት አፈርኩ" አለችው። "ማዶ ያለውን ኬክ ቤት አይተኸዋል አይደል? ማሽኑ መስታወት ነው የሚመስለው። በፋሲካ ማኪያቶ ካልጀመርኩ ደንበኛዬ ጠቅልሎ ወደዚያ ይሻገራል። ከዚያማ ይሄን ቤት መዝጋት ነው።"

"እንጨት አለብሰዋለሁ።"

"እንጨትና እንፋሎት ይስማማሉ እንዴ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከበበውን ደሙን ያፈላዋል። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ከበበው የሠራው ሣጥን ከተጣመመ ታፔላዬን በገዛ እጄ አወርዳለሁ" አለ። ታፔላው ሱቅ ሲከፍት ከዋንዛ ጣውላ ጠርቦ "ከበበው የእንጨት ሥራ" ብሎ በመሮ የቀረጸው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ፀሐይ እየመታው በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ከልጆቹ ቀጥሎ የሚወደው እሱን ነው።

ሣጥኑ በሁዳዴ ተሠራ። ከበበው አዲስ ዋንዛ ገዝቶ ላገ፣ ገጠመ፣ ቫርኒሽ ቀባ። ከኋላ ደፈነው፣ ከላይ ከደነው፣ ጎኑ ላይ ቧንቧው የሚዘጋበትን ትንሽ በር አወጣለት። ቁልፍም አልረሳም። ከፊት ለፊት፣ ቡናው ከሚቀዳበት በላይ፣ ሰፊ ግንባር አበጀለት። የቴሌቪዥን ሣጥን እንደሚሠራ ነው የሠራው፤ ሌላ አሠራር መቼ ያውቅና።

ማሽኑን ያደሰው ዋቅቶላ የሚባል የፋብሪካ መካኒክ ነው። የወለጋ ልጅ፣ ጴንጤ ነው፤ ሁዳዴን አይጾምም። ሥራው ሲያልቅ ሣጥኑን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ጋሼ፣ ትንሽ ወተት ላፍላበትና እንሞክረው" አለ።

"በሁዳዴ? እኔ ፊት? ምን ቆርጦህ።"

"እኔ እኮ አልጾምም።"

"አንተ ባትጾም ሣጥኑ ይጾማል።"

ዋቅቶላ ሳቀና ተወው። ጥቁር ቡና ተቀዳ፣ ሻይ ተቀዳ፤ ሣጥኑ ወይ ፍንክች። አማከለች በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ ወለወለችው። ሰፈሩም እየመጣ አየ፣ አደነቀ፤ ከበበው ቀብረር ብሎ ሰነበተ።

የፋሲካ ማግስት ከፉሪ ትኩስ ወተት መጣ። ያ ሁሉ ሰው ወተት እንደናፈቀው ሻይ ቤቱን ሞላው፤ ከዚህም ከዚያም ማኪያቶ ይላል። ከበበው ሱፉን ለብሶ ማሽኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዋቅቶላ ማንቆርቆሪያውን አስጠግቶ እንፋሎቱን ለቀቀው።

የመጀመሪያው ወተት በሰላም ፈላ፣ ሁለተኛውም። ከዚያ በኋላ ግን ከወተቱ የሚነሣው እንፋሎት በግንባሩ ሥር እየገባ መውጫ አጣ። መጀመሪያ ቫርኒሹ አመድ መሰለ። ቀጥሎ ግንባሩ ተቆለመመና ክዳኑን ገፋው፤ ከላይ የተደረደሩት ስኒዎች ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተንኮታኮቱ። ዋቅቶላ ቧንቧውን ሊዘጋ ወደ ጎን በሩ ሮጠ። በሩ አብጦ አልከፈት አለ። በጠመንጃ መፍቻ ፈልቅቆ ነው የደረሰበት።

ከጥግ አንዱ፣ "ጋሽ ከበበው፣ ታፔላው እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አማከለች አልሳቀችም። ማዶ ያለውን ኬክ ቤት ነበር የምታየው። ከሳቁ ሁሉ ይልቅ የከበበውን አንጀት የበላው ይሄ ነው። ኩም ብሎ ተቀመጠ፤ እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ከዚያ ተነሣ፤ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ።

"ዋቅቶላ፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?" አለ። ይሄን ቃል ከከበበው አፍ የሰማ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረም።

"አየር ነሡት፣ ጋሼ። እንፋሎቱ መውጫ የለውም።"

"ወተት ላፍላ ያልከኝ ለዚህ ነበር?"

"አዎ።" ዋቅቶላ ራሱን አከከ። "ለነገሩ በውሃም መሞከር እንችል ነበር። ለኔም አልመጣልኝ።"

ሁለቱ ተያዩ። ሁዳዴውን ሙሉ ውሃ አጠገባቸው ነበር። ከበበው ሳቁ አመለጠው፤ ከሳቀ ደግሞ ልቡ ተመለሰ ማለት ነው። "አማከለች፣ ሰው እንዳይወጣብሽ ሻይ ቅጂ። መጣሁ" ብሎ ወጣ።

በዓል ነው፣ ጣውላ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ሱቁ ውስጥ የተረፈው ዋንዛ ሣጥኑን የሠራበት፣ ገና በወጉ ያልደረቀው ነው። አጥንቱ ድረስ የደረቀ እንጨት የት እንዳለ ግን ያውቃል። መሰላል አቁሞ ወጣ፣ መዶሻውን አነሣ፣ ለጥቂት ጊዜ ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ነቀለው።

ታፔላውን ተሸክሞ ሲገባ የሳቀው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። "በቃ ሙያውን ተወ" ያለም ነበር። ከበበው ግን ጠረጴዛ ላይ አጋደመውና፣ "ዋቅቶላ፣ እንፋሎቱ በየት በየት ይውጣ? አንተ ምልክት አድርግ፣ እኔ እበሳለሁ" አለ። ዋቅቶላ በጠመኔ አመለከተ፣ ከበበው በሳ። ክዳኑን አወለቀ፤ ስኒዎቹ በማሽኑ በራሱ የብረት ወንፊት ላይ ተደረደሩ። የኋላውን ድፍን አነሣ፤ የጎን በሩንም ከነቁልፉ ነቅሎ ጣለው። የቀረው የተቆለመመው ግንባር ነበር፤ እሱንም ነቀለው። ታፔላውን አነሣና ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዞረው።

"ምን ልታደርግ ነው የምታዞረው?" አለች አማከለች።

"ቃሌ ነዋ። ታፔላዬን አውርጃለሁ።"

"ካወረድከው ወዲያ የኔ ነው። ፊቱን ወደ ሰው አድርገው።"

ከበበው ምስማሩን አነሣ። ታፔላውን አዞረና መታው። ዋቅቶላ ወተቱን አስጠግቶ ለቀቀው፤ እንፋሎቱ በፊደሎቹ መሐል እየሾለከ ወጣ፣ እንጨቱ ንቅንቅ አላለም። ወተቱ እስኪያልቅ ድረስ ሲፈላ ዋለ። አንድም ሰው ማዶ አልተሻገረም።

ከበበው ሱቁ ላይ ሌላ ታፔላ አልሰቀለም። የቴሌቪዥን ሣጥን የሚያሠራ መጥቶ "ስምህ የታል?" ሲለው፣ "ሃይሌ ጋርመንት ሂድና ማኪያቶ ጠጣ፤ እዚያ ታነበዋለህ" ይለዋል።